ከአፕግሬዱ በኋላ የተንቀራፈፈው የዘር ሐረግ፦ የአንድ ላፕቶፕ የጉዳይ ጥናት

አጎቴ ማታ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይሄ የዘር ሐረግ ፕሮግራም አልሆነም። አንድ ስም ነክቼ እስኪከፈት ድረስ ምን ልጽፍ እንደነበር እረሳለሁ» አሉኝ። ላፕቶፓቸውን ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11 ካሳደጉት አራተኛ ቀናቸው ነበር። ያሳደጉት ያለ ምክንያት አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፣ እሳቸው ደግሞ ያለ ደህንነት አፕዴት መቆየት አልፈለጉም። ትክክል ነበሩ።

ቀጥለው ያሉት ግን አስደነገጠኝ። «ነገ ጠዋት ሁሉንም በጌድኮም አውጥቼ፣ ፕሮግራሙን አጥፍቼ፣ ከዜሮ ልጭነው ነው።»

«ጋሼ፣ እባክዎ ምንም አይንኩ። ነገ እመጣለሁ» አልኳቸው።

ፋይሉ የ14 ዓመት ሥራ ነው። ከ9,600 በላይ ሰዎች አሉበት። 4,118 ፎቶዎችና ስካን የተደረጉ ሰነዶች አሉበት። ከእያንዳንዱ ልደትና ጋብቻ ሥር ደግሞ ነገሩን ማን እንደነገራቸው የጻፉት ማስታወሻ አለ፣ ከነገሯቸው ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ጌድኮም የዘር ሐረግ ፕሮግራሞች እርስ በርስ ዳታ የሚቀባበሉበት የፋይል ዓይነት ነው፤ መጀመሪያ የወጣው በ1984 እ.ኤ.አ. ሲሆን እስካሁን በሰፊው የሚሠራበት 5.5.1 የሚባለው ሥሪት ደግሞ የ1999 ነው። ስም፣ ቀንና ዝምድና በደንብ ያሻግራል። ፎቶ ግን አያሻግርም፣ የሚጽፈው ፎቶው የተቀመጠበትን አድራሻ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ለራሱ ብቻ የፈጠራቸው መስኮችም መንገድ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። ሲወጣ የፊደል ኮዱ ዩቲኤፍ-8 ካልሆነ ደግሞ በአማርኛ የተጻፈው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊቀር ይችላል። በ2021 የወጣው 7.0 ሥሪት ዩቲኤፍ-8ን ግዴታ አድርጎታል፣ ፎቶዎቹንም ከዳታው ጋር አንድ ላይ የሚያሽግ አማራጭ አምጥቷል፤ የአጎቴ ፕሮግራም ግን የሚያወጣው በ5.5.1 ነው። ጌድኮም ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ግን ለዝግታ መድኃኒት አይደለም።

በማግስቱ ሄድኩ። መጀመሪያ ባክአፕ ያዝን። ፕሮግራሙን ዘግተን የዳታቤዙን ፋይል ወደ ውጫዊ ዲስክ ገለበጥነው። ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የስልኬን ሰዓት መቁጠሪያ ከፈትኩና «እስቲ እንደ ወትሮው ይሥሩ» አልኳቸው።

ፋይሉን መክፈት 48 ሴኮንድ ፈጀ። ፎቶ ያለው ሰው ገጽ እስኪከፈት 7 ሴኮንድ፣ አንዳንዴ 11። ፎቶ የሌለው ሰው ገጽ ግን አንድ ሴኮንድ እንኳ አልሞላም። የልደት ቀን አርሞ ማስቀመጥ 6 ሴኮንድ። የስሞቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ማንሸራተት ደግሞ ምንም ችግር የለበትም፣ እንደ ውኃ ይፈሳል።

አጎቴ ይህን ሁሉ «ዘገየ» በሚል በአንድ ቃል ነበር የነገሩኝ። ልክ ናቸው፣ ለሚጠብቅ ሰው ሁሉም መጠበቅ ነው። ለሚጠግን ሰው ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፎቶ ያለውና ፎቶ የሌለው ገጽ ይህን ያህል ከተራራቁ ነገሩ ከፎቶዎቹ ጋር የተያያዘ ነው። ማስቀመጥ ብቻውን ከዘገየ ደግሞ ዲስክ ላይ ሲጻፍ የሚያደናቅፈው ነገር አለ። ስለዚህ አንድ ጥፋተኛ ሳይሆን ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት እየፈለግኩ ነበር። ይህን ሳልለካ ብጀምር ኖሮ አንዱን አስተካክዬ «አልሠራም» ብዬ ወደኋላ እመልሰው ነበር።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነን ኮምፒውተሩ በምን እንደተጠመደ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈትን። ከአፕግሬድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ኮምፒውተር መክበዱ የተለመደ ነው፣ ከጀርባ የፍለጋ ማውጫውን እንደገና ያደራጃል፣ የቀሩ አፕዴቶችን ይጭናል። አራት ቀን ካለፈ በኋላ ግን ያ ማለቅ አለበት፣ አልቆም ነበር። ፎቶ ያለው ሰው ስንከፍት ፕሮሰሰሩ 9 በመቶ፣ ራሙ ከ8 ጊጋባይቱ 60 በመቶ ገደማ፣ ዲስኩ ዜሮ አካባቢ። ኮምፒውተሩ አልደከመም። ሥራ ፈትቶ እየጠበቀ ነው።

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ምን እየጠበቀ እንደሆነ መጠየቅ ሲገባኝ ወደለመድኩት ሄድኩ። የግራፊክስ ድራይቨሩን አደስኩ፣ ለውጥ የለም። ፕሮግራሙን ለድሮ ዊንዶውስ በተዘጋጀው የተኳኋኝነት ሁኔታ አስነሳሁት፣ ለውጥ የለም። የፕሮግራሙን የራሱን የዳታቤዝ ጥገና አስኬድኩ፣ ምንም የተበላሸ ነገር አላገኘም፤ ፋይሉን ከ310 ሜጋባይት ወደ 240 አጠበበው፣ የመክፈቻው ጊዜ ከ48 ወደ 44 ሴኮንድ ወረደ። ይህ ሁሉ ሦስት ሰዓት ገደማ በላ። ጥገናው በየጊዜው መደረጉ ጥሩ ነው፣ ግን የዛሬው ችግር እሱ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ዋናው ጥያቄ ተመለስኩ። ፕሮሰሰሩም ዲስኩም ሥራ ፈት ከሆኑ የሚጠበቀው ነገር ከኮምፒውተሩ ውጭ ሊሆን ይችላል። ዋይፋዩን አጠፋሁና «አሁን የእናትዎን ገጽ ይክፈቱ» አልኳቸው።

ወዲያው ተከፈተ። ፎቶው በነበረበት ቦታ ባዶ ሳጥን ብቻ አለ።

አጎቴ ዝም አሉ። ቀጥለው «ፎቶዋ የት ሄደ?» አሉኝ። ድምፃቸውን አልረሳውም። «አልጠፋም ጋሼ፣ እዚህ ኮምፒውተር ላይ የለም እንጂ» ብዬ ዋይፋዩን መልሼ አበራሁት። ከሰባት ሴኮንድ በኋላ ፎቶው መጣ።

የፎቶዎቹን ፎልደር ከፈትን። ከእያንዳንዱ ፋይል ጎን ትንሽ የዳመና ምልክት ተቀምጣለች። ይህች ምልክት ፋይሉ ስሙ ብቻ እዚህ እንዳለና ራሱ ክላውድ (በኢንተርኔት ያለ ማከማቻ) ላይ እንደሆነ ነው የምትናገረው፤ ሲከፈት ያኔ ይወርዳል። የፎልደሩን ሙሉ አድራሻ ስናይ ደግሞ «ሰነዶች» የሚባለው ፎልደር በሙሉ ከክላውድ ጋር በሚመሳሰል፣ ማለትም ለውጡ ሁሉ በራሱ ወደ ክላውድ በሚተላለፍበት፣ ሌላ ፎልደር ውስጥ ገብቷል። ዳታቤዙም አብሮ እዚያው ነው።

እንዴት ሆነ? ቁጭ ብለን መለስ ብለን አሰብነው። አፕግሬዱ ሲያልቅ ተከታታይ ገጾች መጥተው ነበር፣ አንዱ ፋይሎችዎ በክላውድ ይጠበቁ ወይ ይላል፣ እሳቸው አዎ አሉ። ማንም ሰው አዎ ይላል፣ ፋይል መጠበቅ መጥፎ ነገር አይደለም። ሁለተኛው ነገር የመጣው ከዲስኩ ነው። ከአፕግሬድ በኋላ የድሮው ዊንዶውስ ወደኋላ ለመመለስ እንዲቻል ለ10 ቀን ዲስኩ ላይ ይቀመጣል፣ ብዙ ጊጋባይት ይይዛል። የአጎቴ ዲስክ ቀድሞውኑ ሊሞላ የተቃረበ ነበር። ቦታ ጠበበ የሚል ማሳሰቢያ መጣላቸው፣ ቦታ የሚያስለቅቀውን ተጫኑ፣ 11 ጊጋባይት ፎቶ ወደ ዳመና ወጣ። ሁለቱም እርምጃ ለየብቻው ደህና ነው። የዘር ሐረግ ፕሮግራም ግን አንድ ገጽ በከፈቱ ቁጥር የአባትን፣ የእናትን፣ የልጆችን ሁሉ ትንንሽ ፎቶ ያሳያል፣ እያንዳንዱ ፎቶ ደግሞ ከኢንተርኔት እስኪመጣ ይጠብቃል።

ወደ ዊንዶውስ 10 እንመለስ ወይ የሚለውንም ተነጋገርንበት፣ ቀኑ ገና አላለፈም ነበርና። አልመከርኩም። ችግሩ የፋይሎቹ ቦታ ነው፣ ወደኋላ መመለስ ደግሞ ያለ መደበኛ የደህንነት አፕዴት መቅረት ነው።

ማስተካከሉን ቀስ ብለን ነው የሄድንበት። መጀመሪያ ትላልቅ ቪዲዮዎችን ወደ ውጫዊው ዲስክ አዛውረን ቦታ አገኘን። ከዚያ የፎቶ ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ነክተን ሁልጊዜ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ የሚለውን መረጥንና ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክተን አሳደርነው። ጠዋት የዳመናዋ ምልክት ከሁሉም ላይ ጠፍታ በቦታዋ አረንጓዴ ምልክት ነበረ። ይህ ሳይጠናቀቅ ፎልደር መጎተት አደገኛ ነው፣ ግማሹ ስም ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የፋይሎቹን ብዛት ቆጠርን፣ 4,118። ከዚያ በሲ ዲስኩ ላይ በቀጥታ፣ ከሚመሳሰለው ፎልደር ውጭ፣ አዲስ ፎልደር ከፍተን ዳታቤዙንና ፎቶዎቹን በየራሳቸው ንዑስ ፎልደር አድርገን ወደዚያ ገለበጥን፤ ገለበጥን ነው ያልኩት፣ የድሮዎቹን አላጠፋንም። እዚያም ቆጠርን። 4,118።

ለካን። መክፈት 9 ሴኮንድ። ፎቶ ያለው ገጽ አንድ ሴኮንድ። ማስቀመጥ ግን ገና 3 ሴኮንድ ነበር።

ፕሮግራሙ የፎቶዎቹን አዲሱን አድራሻ እንዲያውቅ ማድረግ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ፎቶ ሙሉ አድራሻ ይመዘግባል። የጠፉ ፎቶዎችን ፈልግ የሚለው መሣሪያ አብዛኛውን በአንድ ጊዜ አገናኘ። 37 ቀሩ። ስንመለከታቸው ስማቸው ሁሉ «ስካን 001»፣ «ስካን 002» የሚል ነው፣ በተለያዩ ፎልደሮች ውስጥ ተመሳሳይ ስም ስላለ ፕሮግራሙ የትኛው የማን እንደሆነ መምረጥ አልቻለም። አጎቴ እያንዳንዱን እያዩ «ይቺ የእከሌ ሠርግ ናት፣ ይሄ የእከሌ የምስክር ወረቀት ነው» እያሉ፣ እኔ እያገናኘሁ ጨረስነው። ያን ጊዜ ስማቸውንም ቀየርን። እነዚያን 37 ፎቶዎች ከእሳቸው በቀር የሚለያቸው ሰው የለም።

አሁን ወደ ማስቀመጡ። በርካታ የዘር ሐረግ ፕሮግራሞች ዳታቸውን የሚይዙት ኤስኪውላይት በሚባለው ዳታቤዝ ነው፣ የአጎቴም እንደዚያው። ኤስኪውላይት አንድ ለውጥ ሲጽፍ መብራት ቢጠፋ እንኳ ዳታው እንዳይበላሽ ጆርናል የሚባል ጊዜያዊ ፋይል ከጎኑ ይፈጥራል፤ ጽፎ ሲጨርስ ይደመስሰዋል። የዳታቤዙን ፎልደር ከፍቼ አጎቴ የልደት ቀን ሲያርሙ አየሁት። ጆርናሉ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ለአንድ እርማት ብዙ ጊዜ። ፕሮግራሙ ቀኑን ለብቻ፣ ማስታወሻውን ለብቻ፣ መጨረሻ የተነካበትን ሰዓት ለብቻ ነው የሚጽፈው። የኤስኪውላይት ሠሪዎች ራሳቸው እንደሚሉት በአንድ ግብይት (ብዙ ለውጥ አብሮ በሚጻፍበት አንድ ዙር) ውስጥ ከታሸገ በሴኮንድ 50,000 እና ከዚያ በላይ መስመር መጻፍ ይችላል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ግብይት ከሆነ ግን በደቂቃ 7,200 ዙር በሚሽከረከር ዲስክ ላይ በሴኮንድ ወደ 60 ይወርዳል፣ ምክንያቱም ዳታው በእርግጥ ዲስኩ ላይ መስፈሩን ይጠብቃል። የአጎቴ ዲስክ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው) ስለሆነ ከዚያ በብዙ ይፈጥናል። ስለዚህ 3 ሴኮንድ የዲስኩ አይደለም፣ መሃል የሚገባ ነገር አለ።

መሃል የገባው አንቲቫይረሱ ነው። ከአፕግሬዱ በኋላ በአዲስ ሥሪት እንደገና ተጭኖ ስለነበር ድሮ የተሰጡት ማስተካከያዎች ሁሉ ጠፍተዋል። ጆርናሉ በተፈጠረ ቁጥር አዲስ ፋይል መጣ ብሎ ይፈትሸዋል። ለማረጋገጥ ዋይፋዩን አጥፍተን የቀጥታ ፍተሻውን ለሁለት ደቂቃ ብቻ አቆምነው። ማስቀመጥ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አልፈጀም። ወዲያው መልሰን አበራነው። ዘላቂው መፍትሔ ዳታቤዙ ብቻ ያለበትን ፎልደር ከፍተሻ ነፃ ማድረግ ነበር። የፎቶዎቹን ፎልደር ግን አላስወጣሁትም፣ የውርዶችንም ፎልደር እንዲሁ። ዘመድ አዝማድ በኢሜይል የሚልክላቸው ፎቶና ጌድኮም የሚገባው በእነዚያ ነው፣ መፈተሽ አለበት። ሙሉ ዲስኩን ከፍተሻ ነፃ አድርጎ ፍጥነት መግዛት አልደግፍም።

እስከዚህ ድረስ ያለው የፍጥነት ጉዳይ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ፋይሎቹን ስንገለብጥ ሁለት ዳታቤዝ አየሁ። ስማቸው አንድ ነው፣ የሁለተኛው መጨረሻ ላይ ግን የኮምፒውተር ስም ተቀጥሎበታል። ያ ስም የአጎቴ የድሮው ዴስክቶፕ ነው። «ይሄንን ከፍተውት ነበር?» አልኳቸው። «አዎ፣ ላፕቶፑ ሲያስቸግረኝ አንድ ቀን ከሰዓት እዚያ ሠርቻለሁ።»

ሁለቱ ኮምፒውተሮች በአንድ አካውንት ይመሳሰላሉ። ላፕቶፑ ላይ ፋይሉ ክፍት እያለ ዴስክቶፑ ላይም ተከፈተ፣ ሁለቱም ጻፉ፣ ማመሳሰያው የትኛውን እንደሚመርጥ ስላላወቀ ሁለቱንም አስቀመጠ። የዚህ ዓይነት ቅጂ አይታይም፣ ፕሮግራሙ ስለሱ ምንም አይናገርም። ቆጠርን፦ ዋናው 9,641 ሰው፣ ሁለተኛው 9,626። ሁለተኛው ያንሳል። አጎቴ «እንግዲህ አሮጌው ነው፣ ይጥፋ» አሉ። ከአፕግሬዱ በፊት የወሰዱት ባክአፕ ግን 9,612 ነበር። ስለዚህ ሁለተኛውም ከዚያ ወዲህ 14 ሰው ጨምሯል ማለት ነው።

ጌድኮም ያገለገለን እዚህ ነው። ሁለቱንም በዩቲኤፍ-8 አወጣን፣ ከእያንዳንዱ ስምና የልደት ዓመት ብቻ ለይተን በፊደል ተራ ደረደርን፣ ጎን ለጎን አወዳደርን። 14 ስሞች ሁለተኛው ላይ ብቻ ነበሩ። አጎቴ ዝርዝሩን አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የአክስታቸው ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፣ በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ እየጠየቁ የመዘገቧቸው። ዋናው ውስጥ እንዳሉ ነበር የሚያውቁት። አንድ በአንድ ከነማስታወሻቸው በእጅ ወደ ዋናው አስገባናቸው፣ ቁጥሩ 9,655 ሆነ። የተምታታውን ቅጂ ዛሬም አላጠፋነውም፣ ውጫዊው ዲስክ ላይ ቀኑ ተጽፎበት ተቀምጧል።

ፎልደሩን ከክላውድ ያወጣነው ለፍጥነት ብቻ ያልሆነውም ለዚህ ነው። ማመሳሰያ ፋይሎችን የሚያየው ለየብቻ ነው፤ ዳታቤዙን ከጆርናሉ ነጥሎ ሊልክ ይችላል፣ መሃል ላይ የተያዘ ቅጂ ደግሞ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ክላውዱን ግን አልተውነውም። አሁን አጎቴ ሥራ ሲጨርሱ ፕሮግራሙን ሲዘጉ ባክአፕ ልያዝ ወይ ይላቸዋል፣ አዎ ይላሉ፣ ቀኑ የተጻፈበት አንድ የታሸገ ፋይል ወደሚመሳሰለው ፎልደር ይገባል። ክፍት ያልሆነ፣ ያለቀለት ፋይል። ፎቶዎቹ በሳምንት አንዴ ወደ ውጫዊው ዲስክ ይገለበጣሉ። ዴስክቶፑ ላይ የነበረውን የዘር ሐረግ ፕሮግራም በስምምነት አስወገድነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በስልክ እየተነጋገርን እንደገና ለኩልኝ። ፎቶ ያለው ገጽ አንድ ሴኮንድ፣ ማስቀመጥ ከግማሽ ሴኮንድ በታች፣ መክፈት 9። «ዘጠኙንስ ማሳጠር አይቻልም?» አሉኝ። ፕሮግራሙ ሲነሳ የእያንዳንዱን ፎቶ መኖር አለመኖር እንደሚያጣራ ነገርኳቸው፣ በማስተካከያው ገጽ ማጥፋት ይቻላል።

ትንሽ አሰቡና «ተይው፣ ያጣራልኝ» አሉ።